ተማሪዎችን ሕንፃ ለማስጎብኘት፦ ወሬውን ቀንሱ፣ ያስለኩ

ትንንሽ ተማሪዎችን ሕንፃ ፊት አቁማችሁ መቼ እንደተሠራ ማውራት ከጀመራችሁ አለቀላችሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መገፋፋት ይጀምራሉ። ሕንፃ ለልጅ የሚገባው ሲለካው ነው።

አንድ ሕንፃ ብቻ ምረጡ፣ ቢቻል ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ። ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ሽንት ቤቱንም ጭምር። የፈቃዱን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ።

ዕቃ አታብዙ። እርሳስ፣ ካሬ ካሬ የተሰመረበት ወረቀት፣ ማስደገፊያ ካርቶን፣ ለአራት ልጅ አንድ ሜትር ይበቃል። ላጲስ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ካለ ሲያጠፉ ይውላሉ። የሌዘር መለኪያም ይቅር። ቁጥሩን ወዲያው ይነግራቸውና ርዝመቱ ሳይሰማቸው ያልፋል።

ስፋቱን መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ በእርምጃ፣ በመጨረሻ በሜትር ይለኩ።

የሚያስቸግረው ቁመቱ ነው። ማንም ሕንፃው ላይ አይወጣም፣ በጥላ ነው የሚለካው። የ1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ፣ ወዲያው የሕንፃውን ጥላ ለኩ። የዱላው 50 ሳንቲ ሜትር፣ የሕንፃው 4 ሜትር ከሆነ ቁመቱ 8 ሜትር ነው።

ሲሰማ ቀላል ነው፣ ግን ሁሉም የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ጥላው ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ከግድግዳው ቀጥታ ወደ ፊት ከለካችሁ ሕንፃው ያጥርባችኋል። የሕንፃውን አንድ ማዕዘን ያዙ፤ የዚያን ማዕዘን አናት ጥላ መሬት ላይ ፈልጉና ከማዕዘኑ ሥር እስከዚያ ነጥብ ለኩ። ዱላው እንዳያዘም ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ አስተያዩት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ግን አትልፉ። ደመና ከሆነም 10 የጡብ ረድፍ ለክታችሁ በረድፉ ብዛት አስሉት።

ቀጥሎ ንድፍ። ሙሉ ሕንፃ ሳሉ ካላችኋቸው በልባቸው ያለውን ቤት ይስላሉ፣ ፊታቸው ያለውን አያዩትም። አንድ በር ብቻ ስጧቸው። መጠኑ 1 ለ 50 ይሁን፤ 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ዲዛይን ይሥሩ። መግቢያው ደረጃ ካለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው መወጣጫ ይንደፉ። አብዛኞቹ አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ነው የሚስሉት። ያኔ ሕጉን ንገሯቸው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላቸው ሦስት ደረጃዎች 5.4 ሜትር ማለት ነው፤ መሬት ላይ በጠመኔ ያስምሩት። ቦታው ካልበቃ መወጣጫው መታጠፍ አለበት፣ ይህን ግን እናንተ አትንገሯቸው።