የሠራው ካታሊስቱ ነው ወይስ ቆሻሻው? ውኃን በኤሌክትሪክ ሲሰነጥቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውኃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲሰነጠቅ ሥራውን የሚያፋጥን አዲስ ካታሊስት ሠርተው የፍሰቱና የቮልቴጁ ግራፍ ሲያምር ቀድመው ይጠርጥሩ። በዚህ ሙያ ምስጋናውን ሥራውን ያልሠራው የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፕላቲነምን በተቃራኒ ኤሌክትሮድነት መጠቀም። ርካሹ ሞሊብዲነም ሰልፋይድ በአንድ ወገን፣ የፕላቲነም ሽቦ በሌላው፣ አንድ ብልቃጥ አሲድ ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት ሲታይ ካታሊስቱ ከትናንቱ በርትቷል። «እንደ አዲስ ምጣድ እየተሟሸ ነው» ይባላል። የለም፤ ፕላቲነሙ ሌሊቱን ጥቂት በጥቂት ሟሙቶ፣ በአሲዱ ተሻግሮ፣ እሱው ላይ ተለጥፎ ነው። ሃይድሮጅን በማውጣት ደግሞ ፕላቲነምን የሚስተካከል የለም። ለሽቦው የግራፋይት ዘንግ ይተኩ፤ ከሙከራው በኋላም የካታሊስቱን ገጽ ለፕላቲነም ይመርምሩ።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ማመን። ኦክስጅን በሚወጣበት በኩል ምስጋናውን የሚሰርቀው ብረት (አይረን) ነው። «ንጹሕ» ተብሎ የሚሸጥ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የብረት ርዝራዥ አያጣም፤ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ያንን እየለቀመ ይበረታል። ተመራማሪው ዴኒስ ኮሪጋን ይህን በ1987 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ዛሬም ግን ለኒኬል ብቻ የሚሰጥ ምስጋና አልጠፋም። ፈሳሹን በንጹሕ የኒኬል ሃይድሮክሳይድ ዱቄት በጥብጠው ብረቱን ያስይዙ፤ ዱቄቱንም ይለዩ። ከዚያ በፕላስቲክ ዕቃ ያስቀምጡት፤ አልካሊ ብርጭቆን ስለሚበላ ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል።

የፈሳሹን ተቃውሞ አብዝቶ መቀነስ። ፈሳሹ ፍሰቱን ሲቃወም የሚባክነው ቮልቴጅ ከተለካው ላይ በስሌት ይቀነሳል። 100 ሚሊአምፔር ሲያልፍ የ1 ኦም ስህተት 100 ሚሊቮልት ነው። ሁለት ካታሊስቶች የሚበላለጡት ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነው! የግራፉ መስመር ወደ ኋላ ከታጠፈ ከልክ በላይ ቀንሰዋል።

ካታሊስቱን በኒኬል ስፖንጅ ላይ ቀብቶ ፍሰቱን በውጭው ስፋት ማካፈል። የስፖንጁ የውስጥ ገጽ ከውጭው በብዙ እጥፍ ይሰፋል። የቀቡትን ክብደት ካልጻፉ ማንም ሊያወዳድርዎ አይችልም።

የሚያልፈውን ፍሰት ሁሉ ኦክስጅን ብሎ መቁጠር። በ1.4 ቮልት አካባቢ ኒኬሉ ራሱ ኦክሳይድ ሲሆን በግራፉ ላይ ጉብታ ይሠራል፤ ለማወዳደሪያ የሚጠበቀው 10 ሚሊአምፔር እዚያው ላይ ሊሞላ ይችላል፣ አንድም አረፋ ሳይወጣ። ቮልቴጁን ከላይ ወደ ታች እያወረዱ ቢለኩ ጉብታው ከመንገድዎ ይወጣል። ከተጠራጠሩ ጋዙን ሰብስበው ይለኩ።