ርካሽ ጥቁርና ነጭ ፊልምና ዴቨሎፐር እንዴት ይመረጣል?

የካሜራ ፊልም ዋጋው ንሯል። ጥቁርና ነጭ የሚያነሳ ሰው ግን አንድ ዕድል አለው፤ ፊልሙን እቤቱ ማጠብ ስለሚችል የወጪው ትልቅ ክፍል በራሱ እጅ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን የፊልሙን ዋጋ ብቻ አይተን መግዛታችን ነው። ርካሽ ፊልም ይዞ፣ ግማሹ ተበላሽቶ የሚደፋ ዴቨሎፐር (ፊልሙ ላይ ፎቶውን የሚያወጣው ኬሚካል) የገዛ ሰው ምንም አላተረፈም። ሁለቱ አብረው ይታሰቡ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ቁጠሩ፦ በወር ስንት ፊልም ትጨርሳላችሁ? ለማንሳት ያሰባችሁትን ሳይሆን የምር የጨረሳችሁትን። ቁጥሩን ያዙት፤ በኋላ ዴቨሎፐሩን የሚመርጥላችሁ እሱ ነው።

ፊልሙ

ከርካሾቹ ውስጥ ሁለት ስም ይበቃል፦ ፎማፓንና ኬንትሚር። ፎማፓን የቼክ ምርት ሲሆን 100፣ 200 እና 400 አለው፤ ቁጥሩ የፊልሙ ፍጥነት ነው፣ ከፍ ሲል ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። ኬንትሚርን የሚሠራው ጥቁርና ነጭ የኢልፎርድ ፊልሞችን የሚያመርተው የእንግሊዙ ሃርማን ነው። አሪስታ ኢዲዩ አልትራ የሚል ካያችሁም ያው ፎማፓን ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ተቀይሮ።

ለቀን ብርሃን ፎማፓን 100 ምንም አይወጣለትም። ፎማፓን 400 ላይ ግን ካርቶኑን አትመኑ፤ ቁጥሩ ተጋኗል። ካሜራችሁን 200 ወይም 250 ላይ አድርጉት። በ400 ካነሳችሁት ጥላው ኔጋቲቩ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው የኮቱ እጥፋትም ቁልፍም ጠፍቶ አንድ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ብርሃን ያልነካውን ቦታ የትኛውም ዴቨሎፐር አያመጣውም። ወደ 400 የሚጠጋ ፍጥነት የግድ ካስፈለጋችሁ ኬንትሚር 400 ይሻላል።

ማታ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ለሚያነሳም ፎማፓን አይመችም። ላይት ሜትሩ (የብርሃን መለኪያው) 1 ሰከንድ ሲላችሁ ለፎማፓን 100 የሚያስፈልገው 2 ሰከንድ ነው። 10 ሰከንድ ሲላችሁ ደግሞ 80። ባለ 120ውን (ሰፊውን ፊልም) ስታጥቡ መጀመሪያ የምትደፉት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ፤ የፊልሙ ማቅለሚያ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ፊልሙ ላይ «ሲ-41» የሚል መኖሩን እዩ። እንደ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ያለው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የሚታጠበው በቀለም ፊልም ኬሚካል ነው። ጊዜው ያለፈበት ፊልም ደግሞ በነጻ ካልሆነ አይገዛ፤ በተለይ ባለ 400ውና ከዚያ በላይ ያለው ቶሎ ይጨልማል።

30.5 ሜትር ጥቅል ገዝቶ ራስ መቁረጥም አለ። ከአንዱ ጥቅል ባለ 36 ፎቶ ወደ 18 ፊልም ይወጣል። ግን ሂሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ለአንዳንዱ ፊልም ልዩነቱ ለድካሙ አይበቃም። በእጅ የተጠቀለለ ፊልም ከስፑሉ (ከሚጠቀለልበት እንዝርት) ጋር የተጣበቀበት ጫፍ ብርሃን ስለሚነካው የመጨረሻው ፎቶ ይበላሻል። እዚያ ላይ ቁም ነገር አታንሱ።

ዴቨሎፐሩ

ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ነው። ጥያቄው «የትኛው ይረክሳል?» ሳይሆን «የትኛው ሳይበላሽብኝ ያልቃል?» ነው።

ከዱቄቶቹ የታወቀው ኮዳክ በ1927 ያወጣው ዲ-76 ነው። የኢልፎርዱ አይዲ-11 ከእሱ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የረከሰውን ውሰዱ። ግሬኑ (ፎቶው ላይ የሚታየው ቅንጣት) ለስለስ ያለ፣ ከሁሉም ፊልም ጋር የሚስማማ ነው። ግን አንዴ ከተበጠበጠ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ጠርሙስ 6 ወር ያህል ይቆያል። ጠርሙሱ ሲጎድል አየር ስለሚገባ ዕድሜው ወደ አንድና ሁለት ወር ይወርዳል። አሁን ቁጥራችሁን አምጡ። አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ታንኩ (የሚታጠብበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል። እኩል በውሃ ካቀጠናችሁት 150 ሚሊ ሊትር በፊልም ሄደ ማለት ነው፤ አንድ ሊትር 6 ፊልም ያጥባል። በወር ሦስት አራት ለሚጨርስ ሰው ልክ ነው። በሁለት ወር አንድ ለሚጨርስ ግን ለመድፋት እንደመግዛት ነው። «እንግዲያው ግማሹን ዱቄት ብቻ ልበጥብጥ» አትበሉ። ፓኬቱ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች እኩል የተደባለቁ ስላልሆኑ የትኛው ግማሽ እንደደረሳችሁ አታውቁም።

አልፎ አልፎ ለሚያነሳ ሰው ያለ ጥርጥር ሮዲናል ነው። ከ1891 ጀምሮ አለ። ወፍራሙ ፈሳሽ ተከፍቶም ቢሆን ለዓመታት ይቆያል፤ ቡና መስሎ ጠቁሮም ይሠራል። 1 ለ50 ሲቀጥን ለአንድ ፊልም 6 ሚሊ ሊትር ያህል ነው የሚሄደው። ግማሽ ሊትሩ ከ80 ፊልም በላይ ያጥባል ማለት ነው። መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅ ያዙና በእሱ ለኩ፤ እንዲህ ላለ ትንሽ መጠን የመስፈሪያ ጆግ አይሆንም።

ሮዲናል ግን ግሬን አይደብቅም፤ ጥላም ይበላል። ስለዚህ ከፎማፓን 100 ጋር ያምራል፣ ከፎማፓን 400 ጋር አሸዋ ነው። አሸዋውን የሚወድ አለ፤ እኔ አልወድም። ለመቆጠብ ብለው 1 ለ100 የሚያቀጥኑም አሉ። ይቻላል፤ ግን ለአንድ ፊልም ከ5 ሚሊ ሊትር በታች እንዳትወርዱ። 300 ሚሊ ሊትር ታንክ ውስጥ 1 ለ100 ካደረጋችሁት የሚገባው 3 ብቻ ነው፤ ዴቨሎፐሩ ሥራውን ሳይጨርስ ይደክምና ኔጋቲቩ ሳስቶ ይወጣል። ትልቅ ታንክ ውሰዱ ወይም 1 ለ50 ላይ ቆዩ።

ባለ 400 ፊልም እያነሳችሁ ፈሳሽ የምትፈልጉ ከሆነ ኤችሲ-110 መሃል ላይ ያለ ምርጫ ነው፤ 1 ለ31 ይቀጥናል። ኤክስቶል ውጤቱ ግሩም ነው፤ ግን 5 ሊትር የሚበጠበጠውን ፓኬት ብዙ የሚያነሳ ሰው ይግዛው። ደግሞ ሲሞት መልኩን ስለማይቀይር አያስታውቅም። በፈጣን ቡና፣ በማጠቢያ ሶዳና በቫይታሚን ሲ የሚያጥቡም አሉ። ይሠራል፤ ይሸታልም። ለጨዋታ እንጂ ለቁጠባ አልመክረውም።

የቆየ ዴቨሎፐር ከተጠራጠራችሁ ከፊልሙ መጀመሪያ የምትቆርጧትን ምላስ መብራት በበራበት ዴቨሎፐሩ ውስጥ ንከሯት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድፍን ጥቁር ካልሆነች ዴቨሎፐሩን ድፉት።

የማጠቢያ ደቂቃውን ከአምራቹ ሰንጠረዥ ውሰዱ፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ይሁን። በስቶፕ ባዝ (የዴቨሎፐሩን ሥራ በሚያስቆመው ኬሚካል) ፋንታ ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ቆጥቡ። ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ላይ ግን አትሰስቱ። አዲስ እያለ አንዲት ቁራጭ ፊልም ነክራችሁ በስንት ሰከንድ እንደጠራች ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። በዚያ እጥፍ ጊዜ መጥራት ሲጀምር ዕድሜው አልቋል።