ገበሬዋን በስሟ መመዝገብ፦ በገጠር ቀበሌ ለተመደቡ የልማት ሠራተኞች

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ገበሬ የሚባለው እርፍ የጨበጠ ሰው ነው። «አርሶ አደር» የሚለው ስያሜ እንኳ በወንድ አንቀጽ የተሠራ ነው፤ «አርሳ አደር» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በዚህ የተነሣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ጤፍ ስታርም የምትውል፣ ዘር የምትለይ፣ አውድማ በእበት የምትለቀልቅ፣ የጎታውን እህል እስከ ክረምት የምታብቃቃ ሴት፣ በሬ ጠምዳ ስለማታርስ ብቻ በመዝገባችን «የገበሬ ሚስት» ሆና ትቀራለች። «ገበሬ» ግን «ሠራ» ከሚለው ከግዕዙ «ገብረ» የወጣ ቃል ነው፤ እንደ ሥሩ ከሆነ ይህች ሴት ገበሬ ናት።

ሥራው የሚጀምረው ከመዝገቡ ነው። የተለመደው ቅጽ ቤተሰቡን በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ይይዛል። እማወራ የምትባለው ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ስለሆነች፣ በሪፖርታችን «ሴት አርሶ አደሮች» ብለን የምንቆጥረው እነዚህን ብቻ ይሆናል፤ ባለትዳሯ ከቁጥር ትወጣለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት መስመር ክፈቱ፤ የሚስትየዋን ስም ከነአባቷ ስም ጻፉ፤ «የእገሌ ባለቤት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቅጹ ሁለተኛ መስመር ባይኖረው በራሳችሁ ደብተር ያዙት፤ ሥልጠና ስትጠሩ የምትጠሩት ከዚያ ነውና።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ላይ በደረሰ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቤት ገብቼ «አባወራው ማን ይባላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሴትየዋም «ሞተዋል ልጄ፤ ወንዱ ልጅ ግን አለ» አሉኝ። የአሥራ አራት ዓመቱን ልጅ ስም ጻፍኩ። ማዳበሪያ ሲመጣ እናቲቱ አህያቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ደረሱ፤ ስማቸው ከዝርዝሩ ስለሌለ «ልጁ ራሱ ይምጣ» ተባሉ፤ ልጁ ደግሞ ትምህርት ቤት ነበር። አህያዋን ባዶዋን ነድተው ተመለሱ። በማግስቱ ልጁን አስቀርተው አብረው መጡ፤ እሱ ሲፈርም እናቱ አጠገቡ ቆመው ያዩ ነበር። መሬቱ የእሳቸው ነው፣ ዕዳውንም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ቅር አላቸው እንኳ አላሉኝም፤ ዛሬም የሚከነክነኝ ይኸው ዝምታቸው ነው።

ቤት ለቤት ስትዞሩ «እርስዎ ገበሬ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እኔማ የቤት ሴት ነኝ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ፣ ባልየውም ያጸናዋል። በማንነቱ ላይ መከራከር አያስፈልግም፤ የምትጠይቁት ስለ ሥራው ይሁን። ይህን ዘር ማን ለየው? አረሙ ሲበረታ ወንፈል ማን ጠራ? እህል ለገበያ ሲወጣ ስንት ቁና እንደሚቀር ማን ይወስናል? አንዲት እናት ስለ ዘር ስጠይቃቸው አፍ አውጥተው አልመለሱም፤ ብድግ ብለው ከምድጃው በላይ ካለው ማገር ከነሽፋኑ የተቋጠረ፣ በጢስ የጠቆረ በቆሎ አወረዱና ዘርዝረው አሳዩኝ፤ ነቀዝ የነካው አንድ ፍሬ አልነበረበትም። ባልየው ይህን ሁሉ ዓመት የዘራው ሚስቱ የመረጠችውን ነው። እንዲህ ያለውን መልስ በሁለቱም ፊት መዝግቡት፤ ባልም ሚስትም ሥራውን በስሙ ሲጠራ ይሰሙታል።

ሴቶችን ማረስ አስተምሩ ማለቴ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ፣ ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች ያርሳሉ፤ ስለዚህ ሞፈርን ከሴት የለየው ልማድ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ነገር ግን ውኃውና ወፍጮው ሳይቀንስላት እርሻን በላዩ መጨመር ሸክም ማብዛት ነው። መለወጥ ያለበት የእኛ አቆጣጠር ነው።

የስብሰባ ቀን ስትመርጡም አስተውሉ። ብዙዎቻችን ስብሰባ የምንጠራው በሚካኤል፣ በማርያም ወይም በሌላ በሚከበር ቀን ነው፤ በሬ ስለማይጠመድ ሰው ይገኛል እንላለን። እንጀራ፣ ውኃና ልጅ ግን በበዓል አይቆሙም። ሴቶቹን ራሳቸውን ጠይቁ፤ በእኔ ቀበሌ የተመቸው ከቅዳሴ መልስ ያለው የአንድ ሰዓት ጊዜ ነበር። ሥልጠናው ስለ አረምና ስለ ዘር አያያዝ ከሆነ ደግሞ ሥራውን የምትሠራዋ ሳትኖር ለባልየው ብቻ መስጠት ከንቱ ድካም ነው።

በሬ የሌላት እማወራ መሬቷን ብዙ ጊዜ ለእኩል ትሰጣለች፤ ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን ይካፈላታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥልጠናውንም ምርጥ ዘሩንም የሚያገኘው አራሹ ይሆናል። ሁለቱንም ጥሩ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን ጭምር ይግለጽ። ገለባ የተረሳበት ውል በአውድማ ላይ ጠብ ያስነሣል።

የይዞታ ደብተሩንም አሳዩኝ በሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የገጠር መሬት አዋጁም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዟል። በአማራ ክልል ደብተሩ የሁለቱንም ፎቶግራፍ ይይዛል። ስሟ ከሌለበት፣ ምክንያቱን ጠይቃችሁ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ምሯት፤ ደብተሩ በባልየው ሣጥን የሚቆለፍ ከሆነም ቅጂው በእጇ እንዲኖር ምከሩ።

በመጨረሻ፣ የማዳበሪያ ፍላጎት ዝርዝር ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት በሕዝብ ፊት ስም በስም አንብቡት። አንዲት ሴት በሰፈር «የእገሌ እናት»፣ በማኅበር በክርስትና ስሟ፣ በወላጆቿ ቤት በሌላ ስም ልትጠራ ትችላለች፤ በዝርዝሩ፣ በይዞታ ደብተሩና በመታወቂያዋ ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆነ ከመጋዘኑ በር ትመለሳለች። ልዩነት ካገኛችሁ እዚያው አርሙት፤ ፊደል የማታውቅ ከሆነችም መስመሩን በጣታችሁ እያሳያችሁ አንብቡላትና አሻራዋን በዚያው አጠገብ ታኑር።