የጣሪያ ሽበት በፕሬሸር ዋሸር አይነካም

ሲያትልና አካባቢው ቤት የገዛችሁ፣ ጣሪያችሁ ላይ አረንጓዴው ሽበት (ሞስ የሚባለው) ወፍሮ ከሆነ እባካችሁ ፕሬሸር ዋሸር (ውሃ በኃይል የሚረጭ ማሽን) አትከራዩ። ሺንግሉን (ጣሪያውን የሚሸፍነውን የአስፋልት ንጣፍ) ከፀሐይ የሚከላከለው ላዩ ላይ የተነሰነሰው ደቃቅ ጠጠር ነው። ኃይለኛ ውሃ እሱን ጠርጎ አሸንዳ ውስጥ ይከተዋል፤ ጣሪያው ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ወደ ላይ ከፈተጋችሁ የሺንግሉ ጠርዝ ይነሳና ውሃ ከሥሩ ይገባል። አልጌ የሚባለው ጥቁር እድፍ ከቀረ በረኪናና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ እርጩበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ በተራ የአትክልት ጎማ እጠቡት። ከታች አበባ ወይም ጎመን ካለ አስቀድማችሁ በንጹህ ውሃ አርጥቡት፣ ሲያልቅም ደግማችሁ እጠቡት። እጣቢው ወደ መንገድ ቦይ እንዳይፈስ፤ ዓሣ ይጎዳል። በረኪናን ከአሞኒያም ከአሲድም ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ጋዙ መርዝ ነው።

እርጥብ ሽበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጣሪያው ሳይደርቅ አትውጡ። መሰላሉን ሰው ይያዝላችሁ፤ ጫፉም ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ። ቤቱ ባለ ፎቅ ከሆነ ወይም ጣሪያው በጣም ቁልቁል ከሆነ ለባለሙያ ስጡት። እሱንም ቢሆን በምን እንደሚያጸዳ ቀድማችሁ ጠይቁት።