የውጭ እንጨትን ለቀለም ማዘጋጀት፦ ለጅማ ዝናብ የሚበጅ አሠራር

በጅማ በየሰፈሩ በመስኮት ክፈፍ፣ በበረንዳ ምሰሶና በጣሪያ ጠርዝ ጣውላ ላይ ያለው ቀለም ሲላላጥ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የቀለሙ ጥራት ነው። የወደቀውን ቅርፊት አንሥቶ ጀርባውን የተመለከተ ሰው ግን ግራጫ የእንጨት ጭረት ተጣብቆበት ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቀለሙ ይዞታውን አልለቀቀም ማለት ነው፤ የተነሣው ፀሐይና ዝናብ ያደከሙት የእንጨቱ ገጽ ራሱ ነው፤ በዚያ ላይ የትኛውም ውድ ቀለም ቢቀባ ውጤቱ ያው ነው።

ጅማ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስትሆን፣ ዝናቡም ከበልግ ተነሥቶ ክረምቱን ሙሉ ስለሚዘልቅ፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራትም ቢሆን የሌሊት ጤዛ እንጨቱን ያርሰዋል። ስለዚህ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) መቀባት የሚጀመረው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ የተቀባው ጤዛ ሳይደርስበት ገጹን እንዲይዝ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብሩሹን ማሳረፍ ይበጃል። በፀሐይ በጋለ ጣውላ ላይ መቀባትም አይመከርም፤ ጥላን እየተከተሉ መሥራት ይሻላል።

እንጨቱ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በውስጡ ያለው እርጥበት ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ከጣውላው አንድ ቁራጭ ቆርጦ በሱቅ ሚዛን ይመዝነው፤ ቁራጩን ከጣውላው ጋር አቆይቶ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሲመዝነው ክብደቱ ከቀነሰ፣ እንጨቱ ገና ውኃውን እየለቀቀ ነውና መቀባት የለበትም። በቅርቡ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ይህን ፈተና እንደማያልፍ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። እንዲህ ያለው ጣውላ በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ስስ ርብራብ እየገባበት፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ሆኖ ይደርደር።

የቆየ ቀለም ካለ፣ የተነሣው ሁሉ በስፓቱላ ይፋቅ፤ አጥብቆ የያዘውን ግን በግድ ማንሣት አያስፈልግም። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ከመፈግፈግ ይልቅ ውኃ እያርከፈከፉ መፈግፈግ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሕፃናትን ማራቅና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ ይገባል። በጥቁር ነጠብጣብ የሚታየው ሻጋታ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አይጠፋም፤ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ በጥብጦ፣ ጓንት አድርጎ መቀባት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም በንጹሕ ውኃ በደንብ አጥቦ እንጨቱን ለጥቂት ቀናት ማድረቅ ያስፈልጋል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው።

ቀጥሎ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ግራጫው ገጽ ተነሥቶ የእንጨቱ የተፈጥሮ መልክ እስኪወጣ ድረስ በጭረቱ አቅጣጫ ይፈገፈጋል፤ በ120 ቁጥርም ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ማለስለስ ለቤት ዕቃ እንጂ ለውጭ እንጨት አይጠቅምም፤ ፕራይመሩ የሚይዘው ሻካራነት ያስፈልገዋል። ለምስጥ መከላከያ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ እንጨት ግን ለቀለም ሥራ የሚሆን አይደለም፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ፕራይመር አይዝለትም፤ ቢተካ ይሻላል። የሚያጠራጥር ከሆነ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ጠብታው ሳይሰርግ ዶቃ መስሎ ከቆመ ገጹ ቅባት አለበት።

ሙጫ ለሚያወጣ እንጨትና ጉጥ ለበዛበት ጣውላ በዘይት የሚሠራ ፕራይመር ይመረጣል፤ እድፉ ወደ ላይ እንዳይወጣ የተሻለ ይገታል። አቀባቡ ላይ የብዙ ሠራተኛ ጥንቃቄ የሚያልቀው ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ ነው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። እንጨት ውኃን ከጎኑ ይልቅ እጅግ አብልጦ የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ዛፉ ውኃ ይስብባቸው የነበሩት ቱቦዎች በዚያ ክፍት ሆነው ይቀራሉና። የምሰሶው እግር፣ የጣውላው ጫፍና የክፈፉ መጋጠሚያ መጀመሪያ ፕራይመር ይጠጡ፤ ያ ሲደርቅም ይደገምላቸው። አዲስ ጣውላ ከሆነ በሚስማር ከመመታቱ በፊት ጀርባውም ይቀባ፤ በቦታው ከቆረጡትም አዲሱ ጫፍ ሳይቀባ አይሰቀል።

ስንጥቅና የሚስማር ቀዳዳ የሚደፈነው ከፕራይመሩ በኋላ ነው፤ ያልተቀባ እንጨት የመድፈኛውን፣ የስቱኮውን፣ ዘይት መጥጦ ያደርቀዋል። በጄሶና በኮላ የተለወሰው ስቱኮ ለቤት ውስጥ ይሁን፤ በውጭ ዝናብ ያሟሟዋል። የተደፈነው ቦታ ተፈግፍጎ በፕራይመር ይነካካል፤ የዛገ የሚስማር ራስም አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል።

ፕራይመር ብቻውን ለፀሐይ የተሠራ ስላልሆነ፣ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ጊዜ እንዳለፈ፣ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋናው ቀለም ይከተለው። በር ከሆነ ግን ከማጠፊያው ሳይወርድ ሥራው አለቀ አይባልም፤ የታችኛው ጠርዝ በብሩሽ በደንብ የሚደረስበት በሩ ሲወርድ ነው።