ሊኑክስና ቤር-ሜታል ሜሞሪ ሲጋሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቦርዱ አንድ ነው፣ ባለ አራት ኮር ኮርቴክስ ኤ53። ጄይልሃውስ የተባለው ሃይፐርቫይዘር (አንዱን ቦርድ ለተለያዩ ሲስተሞች የሚከፋፍል ሶፍትዌር) ሦስቱን ኮር ለሊኑክስ፣ አንዱን ሞተር ለሚቆጣጠር ቤር-ሜታል (ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በቀጥታ ሃርድዌሩ ላይ ለሚሮጥ) ፕሮግራም አካፍሏል። በመሃላቸው የሚነጋገሩባት 1 ሜጋባይት የጋራ ሜሞሪ አለች። ቀኑ የሚባክነው እሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሜሞሪውን ሳይከልሉ መግባት። ዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጸው ፋይል) ላይ ካልተከለለ ከርነሉ የራሱ መስሎት ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ጄይልሃውስ ላይ ደግሞ «ሩት ሼርድ» የሚለውን ምልክት ከረሳችሁ፣ ሴሉ (የቤር-ሜታሉ ክፍል) ሲፈጠር ሜሞሪው ከሊኑክስ ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ሲነካው ሃይፐርቫይዘሩ ኮሩን ያቆመዋል።

ካሽ (ኮሩ አጠገብ ያለች ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ አለመስማማት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። ቤር-ሜታሉ በየሚሊሰከንዱ ቆጣሪ ይጨምራል። ሊኑክስ ላይ ሳነብ 0። አሁንም 0። ከዚያ ድንገት 57፣ እዚያው ደርቆ ቀረ። ሃርድዌሩን ጠረጠርኩ። ኬብል ሁሉ ቀየርኩ፣ ሜሞሪ በኬብል የሚሄድ ይመስል! ጥፋቱ የራሴ ነበር። ቤር-ሜታሉ ካሽ አብርቶ ስለሚጽፍ ቁጥሩ እዚያው ካሹ ውስጥ ይቀራል። እኔ ደግሞ የማነበው በ«ዴቭ ሜም» (ፊዚካል ሜሞሪን በሚከፍተው የሊኑክስ ፋይል) በኩል ነው። ዲቫይስ ትሪ ላይ በ«ኖ-ማፕ» ምልክት የተከለለ ሜሞሪን በዚህ መንገድ ስትከፍቱ ሊኑክስ የሚሰጣችሁ ያለ ካሽ፣ በቀጥታ ከዲራም (ከዋናው ሜሞሪ) ነው። 57 የታየው ዳታው ከካሽ ወደ ዲራም ሲወርድ ነው። እና ወይ ሁለቱም በካሽ፣ ወይ ሁለቱም ያለ ካሽ ይሁኑ። እኔ አጭር የከርነል ድራይቨር ጽፌ በ«ሜምሪማፕ» በካሽ ከፈትኩት። ታዲያ ቤር-ሜታሉ ኤምኤምዩውን (አድራሻ የሚተረጉመውን የፕሮሰሰር ክፍል) ሳያበራ ከሠራ፣ ያለ ካሽ ስለሚጽፍ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል።

ቮላታይልን (የሲ ቋንቋ ቁልፍ ቃል ነው) ማመን። ቮላታይል ኮምፓይለሩን እንጂ ፕሮሰሰሩን አያዝም። ዳታውን፣ ቀጥሎ «ዝግጁ» የሚለውን ምልክት ብትጽፉ፣ ሌላው ኮር ምልክቱን ቀድሞ ሊያይ ይችላል። በመሃል ባሪየር (ቅደም ተከተሉን የሚያስጠብቅ ትዕዛዝ) ያስፈልጋል፣ ለጻፈውም ለሚያነበውም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የአንባቢው ነው።

ፖይንተር አትላላኩ። የሊኑክስ ቨርቹዋል አድራሻ ለቤር-ሜታሉ ትርጉም የለውም። ከጋራ ሜሞሪው መነሻ ያለውን ርቀት ላኩ።

በመጨረሻ፣ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ሳይመረምሩ መጠቀም። ሊኑክስ ላይ አንድ አፕ ቢበላሽ፣ 64 ቦታ ብቻ ላለው ሪንግ (እየዞረ የሚሞላ የመልእክት ሰልፍ) ኢንዴክሱን 4,000 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቤር-ሜታሉ ኢንዴክሱን አንዴ ወደ ራሱ ቫሪያብል ይገልብጥ፣ ቅጂውን ይመርምር፣ በዚያው ቅጂ ይሥራ። መርምሮ ሲያበቃ ተመልሶ ከጋራ ሜሞሪው ካነበበ፣ ቁጥሩ በመሃል ተቀይሮ ሊጠብቀው ይችላል።