ከወረፋው እስከ ሪፈር ወረቀቱ፦ ለነፃ ምርመራ ገጠር ለምትወጡ በጎ ፈቃደኞች

ለነፃ ህክምና ገጠር እንውጣ ብሎ የሚጋብዛችሁን አስተባባሪ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ቅዳሜ ግፊቷ ከፍ ብሎ የተገኘች ሴት ሰኞ ጠዋት የት ነው የምትታየው? የጤና ጣቢያውን ስም ከጠራላችሁ፣ እዚያ የሚቀበላት ባለሙያ ማን እንደሆነ ካወቀ፣ መድኃኒቱ መኖሩን ካረጋገጠ ሻንጣችሁን አዘጋጁ። «እሱን እንግዲህ እዚያው እናየዋለን» ካላችሁ ግን ዘመቻው ገና አልተዘጋጀም። እኔ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ ቀኑ ይተላለፍ ብዬ እከራከራለሁ፣ ሰውም አስቸጋሪ ይለኛል። ግፊትና ስኳር ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልጉ ናቸው፤ እኛ ደግሞ በአንድ ቀን ጠቅልለን የምንመለስ ነን።

የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች «እኔ ሄጄ ምን እሠራለሁ?» ሲሉ እሰማለሁ። ብዙ ነገር። ዘመቻ የሚበላሸው ሐኪም ሲያንስ ብቻ አይደለም፤ ተራ የሚያስከብር፣ ካርድ አጥርቶ የሚጽፍ፣ አዛውንት ደግፎ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚያደርስ ሲጠፋም ነው። የማትነኩት ነገር ግን አለ። ሙያው ከሌላችሁ መርፌ አትወጉም፣ መድኃኒት አታዙም፣ «ምን ይመስልሃል?» ተብላችሁ ብትጠየቁም የበሽታ ስም አትጠሩም። ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ሰው ዶክተር ነው የሚለው፤ ስለዚህ ባለሙያ ካልሆናችሁ ጋዋኑን ተዉት፣ ስማችሁና ሥራችሁ የተጻፈበት ባጅ ይበቃል። ደም የሚነካ ሥራ ላይ የምትመደቡ ከሆነ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ቀድማችሁ ጨርሱ። ሦስቱ ዶዝ በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ስለሚወስድ ለጉዞው ሳምንት ሲቀር የሚታሰብ አይደለም።

ቤት የተረፈ መድኃኒት ሰብስባችሁ እንዳትመጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ሊቀረው ይገባል ይላል፤ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት ደግሞ ጨርሶ አይለገስም። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበትን ቁራጭ፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ አንድ ስታወጡም የዕቃውን ክዳን ወዲያው ግጠሙ።

እንደደረሳችሁ ጠረጴዛ ከመዘርጋታችሁ በፊት ግቢውን ዞራችሁ እዩ። ጥላው ከሰዓት ወዴት ይዞራል? እጅ መታጠቢያና መጸዳጃ የት ነው? መግቢያና መውጫው ለየብቻ ካልሆነ የጨረሰውና የሚጠብቀው ይጋጫል። አንድ ጥግ በመጋረጃ ከልሉ፤ እናቶች ሰው ፊት የማይናገሩት ብዙ ነገር አለ። የመክፈቻ ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ካለ ደግሞ ምርመራው ተጀምሮ ጎን ለጎን ይናገር። ሌሊት ተነስቶ በእግሩ የመጣን ሰው ፀሐይ ላይ አቁሞ ማስጨብጨብ እኔ አይዋጥልኝም።

ወረፋ ላይ የምትመደቡ፣ ሥራችሁ ቁጥር ማደል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቁጥሩን ከሰጣችሁ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱና ፊት እዩ። መተንፈስ ያቃተው፣ ደረቱን የሚያመው፣ አንድ ጎኑ የዛለበት፣ ያንቀጠቀጠው፣ ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን፣ የምትደማ ወይም ራስ ምታት ጠንቶባት ዓይኗ ብዥ ያለባት ነፍሰ ጡር ተራ አይጠብቁም። ለባለሙያ ጠርታችሁ በቀጥታ አስገቧቸው። ከኋላ «እኛስ?» የሚል ድምፅ ይነሳል፤ ምክንያቱን የሕመሙን ዓይነት ሳትጠሩ ጮክ ብላችሁ ንገሩ፣ ሰው ሲነገረው ይገባዋል። የሚያስቆጣው በዝምታ የገባ የአስተባባሪ ዘመድ ነው።

ግፊት መለካት ቀላል ስለሚመስል ለአዲስ በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው፤ አብዝቶ የሚሳሳተውም እዚያ ነው። መለኪያው ሳይሆን ወንበሩ ነው ዋናው። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ክንድ የሚያርፍበት ጠረጴዛ፣ እግር መሬት የሚነካበት ቁመት። መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ፣ እግሩን ያጣመረ፣ ክንዱ የተንጠለጠለ፣ ሽንቱ የያዘው ወይም የሚያወራ ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠቀለለውና በአየር የሚነፋው የመለኪያው ጨርቅ) ብትጠቀሙም እንዲሁ። ስለዚህ ሰፊውንም ጠባቡንም ካፍ ያዙ።

አንዲት እናት ዳገት ወጥተው መጥተው ገና ሳያርፉ ለኩልኝ አሉ። አጠገቤ የነበረው በጎ ፈቃደኛ ልጅ ካፉን በሹራባቸው ላይ ሊጠቀልል ሲል እጁን ያዝኩት።

«እማማ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ። ሽንት ቤት ደርሰዋል?»

«ኧረ ልጄ፣ ተራዬ ያልፋል ብዬ ነው እንጂ…»

«ተራዎ አያልፍም፣ ሄደው ይምጡ።»

ተመልሰው ሲቀመጡ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፍናቸው፣ እግራቸውን አስተካከልን፣ ሹራቡ አንድ እጁ ወለቀ። እጅጌን ወደ ላይ መጠቅለል አይበቃም፤ ከላይ ክንዱን ካሠረው ንባቡን ያዛባል። ከካፉ በታች ያለው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ካፉ በልብ ትክክል ሆነ፣ ክንዱ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም። ያቺ አምስት ደቂቃ ናት የምትከብደው፤ እሳቸው የልጃቸውን ነገር መተረክ ጀመሩ፣ እኔም «ሲጨርስ ያጫውቱኛል» አልኩ። 138/84 ነበር፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስንደግመው 134/82። እንደደረሱ ብንለካቸው ኖሮ «ግፊት አለብኝ» ብለው ቤታቸው በተመለሱ ነበር።

ወንበር ስለማይበቃ አምስቱን ደቂቃ ቀድማችሁ አስጨርሱ፦ ከመለኪያው ጠረጴዛ በፊት ሦስት አራት ወንበር ደርድሩና «እዚህ የተቀመጠ አያወራም» በሉ። ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ሁለቱንም ጻፉ። ንባቡ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን መደገም አለበት፤ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ የግፊት ሕመምተኛ ነህ አይባልም። 180/120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንድ ጎን ድካም ወይም የዓይን ብዥታ ካለበት ግን የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው፤ መኪና ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ስኳር ላይ ትልቁ ጉዳይ የጣት ንጽሕና ነው። ፍራፍሬ የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ ጤነኛውን የስኳር ሕመምተኛ ያስመስላል። በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ይድረቅ፤ አልኮል ከተጠቀማችሁም እስኪደርቅ ጠብቁ። የጣቱን መሐል ሳይሆን ጎኑን ውጉ፣ ሕመሙ ያንሳል። ላንሴት፣ ማለትም ጣት መውጊያዋ ትንሽ መርፌ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መውጊያ ብዕሩም ቢሆን ከሰው ሰው አይተላለፍም። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይበላ የመጣ ሰው 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በልቶ የመጣ 200ና ከዚያ በላይ ሆኖ ውኃ ጥሙና ሽንት ማብዛቱ ካለበት ወደ ሐኪሙ ይለፍ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ያለው ነገር ወዲያው ይጠጣ። ሳትበሉ ኑ ካላችኋቸው እነሱን ጠዋት አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድን ሰው እስከ ቀትር በባዶ ሆድ አታቁሙ።

ዓይን ምርመራ ላይ ስድስት ሜትሩን በሜትር ለኩ፣ በእርምጃ አይሆንም። ፊደል ለማይለዩ አቅጣጫው የሚቀያየረውን ምልክት ተጠቀሙና በእጃቸው ያመልክቱ። አንዱን ዓይን ሲሸፍኑ እንዳይጫኑት ንገሯቸው፤ የተጫኑት ዓይን ተራው ሲደርስ ይደበዝዛል። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተለመደ ነው፣ የማንበቢያ መነጽርም ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። መርፌና ክር ይዛችሁ ሂዱ። የማታነብ እናት መነጽሩ ልክ መሆኑን የምታውቀው ክሩ ቀዳዳው ሲገባላት ነው፤ ከሁሉም ጠረጴዛ ሳቅ የሚሰማው እዚያ ነው።

ሕፃናት ላይ ረጅም አልልም። የምግብ እጥረት ለማወቅ የሚለካው የክንድ ዙሪያ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉት ነው፣ በግራ ክንድ፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ካለው መሐሉ ላይ። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ደግሞ መካከለኛ። ክንዱ ደህና ቢመስልም ሁለቱን እግር በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ጉድጓዱ ከቀረ ልጁ አብጧል፣ እሱም ከባድ ነው። የወስፋት ኪኒን ሲሰጥ ለትንንሾች ይፈጭ፤ እያለቀሰ ያለን ሕፃን አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ ሊያንቀው ይችላል። እስኪረጋጋ እናቱ ትቀመጥ።

ላንሴቱም መርፌውም እንደተነቀለ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የስለት መጣያ ሳጥን) ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑን መልሶ መግጠም የለም፣ ሳጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። መንደሩ ውስጥ አትቅበሩት፣ ይዛችሁት ተመለሱ። እናንተን በስህተት መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያውም ለኃላፊው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል፤ አፍሮ ማታ ድረስ መደበቅ ጊዜውን መብላት ነው።

አሁን ሪፈር ወረቀቱ፣ ሰውዬውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው። ቀኑን ሙሉ የለካችሁት ሁሉ ሰውዬው ኪስ ውስጥ ካልገባ በማግስቱ የለም። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ቁጥሮቹ፣ የተሰጠ መድኃኒት ካለ ስሙና መጠኑ፣ የት ሄዶ እስከ መቼ መታየት እንዳለበት በትልቁ ይጻፍ። «ግፊት +» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ባለሙያ ምንም አይነግረውም፤ 164/98 ብላችሁ ጻፉ። ሰውየው ከፈቀደ የስም ዝርዝሩን ለአካባቢው ጤና ሠራተኛ በእጁ አስረክቡ። ለአንድ ወር የሚበቃ የግፊት መድኃኒት ሰጥቶ፣ ቀጣዩ ከየት እንደሚገኝ ሳይናገሩ መሰነባበት አልስማማበትም፤ ዳነልኝ ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው።

ስትሸኙት «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም ሰው ገባኝ ይላል። «ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ ምን ይነግሯታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ አባት «ልቤ ሊቆም ነው አሉኝ እላታለሁ» ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ የተነገራቸው ግፊታቸው በሌላ ቀን ይደገም ነው። እንደገና አስቀምጠን አስረዳናቸው። ውጤት በጆሮ እንጂ በአደባባይ አይነገር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሰው ደግሞ ፎቶ አታንሱ፣ ቢፈቅድላችሁም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እንደማይዳረስ ሲገባችሁ ቶሎ ተናገሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያወቃችሁትን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንገር ሰውን በጨለማ መንገድ መስደድ ነው። ያልታዩትን በስም መዝግቡና ለጤና ሠራተኛው ስጡ፣ ከእነሱም መሐል መቆየት የማይችል ካለ አሁኑኑ አሳዩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያው ደውሉ። ሪፈር ከተጻፈላቸው ውስጥ ስንቱ ደረሱ? ጥቂት ከሆኑ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ መንገዱ ርቆ ነው፣ መድኃኒቱ አልቆ ነው፣ ወይስ ወረቀቱ አልተነበበም? መልሱ መጓጓዣ ከሆነ የሚቀጥለው ዘመቻ ወጪ ሲሠራ ከቲሸርትና ከባነሩ ቀንሳችሁ ለሕመምተኞች መኪና አዙሩት።